ኢኖዌን እያያችሁ የምትሳሳቱት

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። ልምምድ ከጀመረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። «ኮች፣ ይቺን አሳየኝ» አለኝ። «ይቺ» ያላት ጃፓናዊው ቦክሰኛ ናኦያ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ2018 ሁዋን ካርሎስ ፓያኖን በ70 ሴኮንድ የዘረረባት ቡጢ ናት። ይህን ቪዲዮ የሚያመጡልኝን ልጆች መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ኢኖዌን ሁሉም ይወዱታል፣ እኔም እወደዋለሁ። የሚኮርጁት ነገር ነው የሚያናድደኝ።

የመጀመሪያው ስህተት የመጨረሻዋን ቡጢ ብቻ ማየት ነው። ፓያኖን የጣለችው ቀኝ እጁ ናት፣ እሺ። ከእሷ በፊት የገባችውን ጃብ፣ ያቺን የፊተኛውን እጅ ቀጥተኛ ቡጢ፣ ማን አያት? ፓያኖ ግራኝ ነው። ጃቧ በጓንቶቹ መሀል ሾልካ ገባች፤ ቀኟ የደረሰችው መንገዱ ከተጠረገላት በኋላ ነው። ፖል በትለርን የገጠመበትን ደግሞ አንድም ልጅ አምጥቶልኝ አያውቅም። በ2022 መጨረሻ ነው። በትለር የገባው ላለመመታት ነበር። ኢኖዌ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ፊቱን ሰጠው፣ ና ምታኝ እንደማለት። ሰውየው አልመጣም። አሥር ዙር ሙሉ ሲያሳድደው ቆይቶ በአሥራ አንደኛው ጨረሰው። የባንታም ክብደትን አራት የዓለም ቀበቶ ጠቅልሎ የያዘው በዚያ ምሽት ነው። ይሰለቻል ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ይሰለቻል። ሥራው ግን እሱ ነው።

ሁለተኛው ላይ ታገሱኝ፣ ንዴቴ ብዙ ነው። ራስን አድርቆ ክብደት መቀነስን እንደ ጀግንነት የሚያይ ልጅ አለ። ውሃ አይጠጣም፣ ላስቲክ ለብሶ ይሮጣል፣ ከዚያ «ኢኖዌም ይቀንሳል» ይለኛል። የኢኖዌን ታሪክ በደንብ ብታዩት የሚነግራችሁ ተቃራኒውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጀምር ላይት ፍላይ በሚባለው ክብደት ነበር፣ ወደ 49 ኪሎ። በስድስተኛ ግጥሚያው፣ ሚያዝያ 2014፣ አድሪያን ኤርናንዴዝን አስቁሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ግን ሰውነቱ ለዚያ ክብደት እምቢ እያለ ነበር፤ በግጥሚያው መሀል እግሩን ጡንቻ ያዘው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቀጣዩን ክብደት፣ ፍላይን፣ ዘልሎ ሱፐር ፍላይ ገባ፣ 52 ኪሎ ላይ። የገጠመው ኦማር ናርቫኤዝን ነው። ናርቫኤዝ እስከዚያ ምሽት በሙያው ዘመኑ ወድቆ የማያውቅ ሰው ነበር። ኢኖዌ አራት ጊዜ ጥሎት በሁለተኛው ዙር ጨረሰው። የናርቫኤዝ ወገን ጓንቱን እንይ እስከማለት ደረሰ! ጓንቱ ውስጥ ምንም የለም። ሰውየው በልቶ ጠጥቶ ነው የመጣው።

ሌላም አለ። ፕሮፌሽናሎች የሚመዘኑት ከግጥሚያው አንድ ቀን በፊት ነው። ያጡትን ውሃ ለመመለስ አንድ ሌሊት አላቸው። እናንተ አማተሮች ግን ጠዋት ተመዝናችሁ በዚያው ቀን ነው የምትጋጠሙት። ታዲያ ምኑን ነው የምትኮርጁት?

እኔም አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም። ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሁለት ቀን ጠብታ ውሃ ሳልቀምስ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ኪሎዬ ልክ መጣ፣ በደስታ ጮህኩ። ሦስተኛው ዙር ላይ እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆነ። የመታኝን ልጅ ፊት እንኳ አላስታውስም።

በቃ፣ ወደ ሌላው። እጃችሁን በደንብ ሳትጠቀልሉ አትምቱ። ናርቫኤዝን በጣለበት ምሽት ኢኖዌ ቀኝ እጁን ተጎድቶ አንድ ዓመት ያህል ከሪንግ ርቋል።

«አልተሸነፈም» እያላችሁ መዝገቡን አታምልኩ። በአማተርነቱ ተሸንፏል፣ ለለንደን ኦሎምፒክም አላለፈም።

ስትወድቁ ደግሞ በእፍረት ዘላችሁ አትነሱ። ግንቦት 2024 ቶኪዮ ዶም ውስጥ ሉዊስ ኔሪ በመጀመሪያው ዙር ጣለው። በፕሮፌሽናልነቱ ሲወድቅ ያ የመጀመሪያው ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየው በጉልበቱ ተቀምጦ ዳኛው ስምንት እስኪል ጠበቀ። በሁለተኛው ዙር እሱ ኔሪን ጣለ፣ በስድስተኛው ጨረሰው። ከነዚያ ቪዲዮዎች ሁሉ እኔ የምመርጠው ያንን ስምንት ሴኮንድ ነው።

አሁን የማትወዱትን ልናገር። ኔሪ የጣለው በግራ ሁክ ነው፣ ክንድ ታጥፎ ከጎን በሚመጣ ቡጢ። በሚቀጥለው ዓመት ላስ ቬጋስ ላይ ራሞን ካርዴናስም የጣለው በግራ ሁክ ነው። በ2019 ኖኒቶ ዶናይር ሁለተኛው ዙር ላይ የኢኖዌን የዓይን ዙሪያ አጥንት የሰበረው በምንድን ነው? በግራ ሁክ። ኢኖዌ ሊመታ ሲገባ ራሱን ይከፍታል። እሱ ተነስቶ ያሸንፋል፣ ዶናይርንም አንድ ነገር ሁለት እየሆነበት እስከ አሥራ ሁለተኛው ዙር ታግሎ በነጥብ አሸንፏል። እናንተ ግን ጃቡን ሳትይዙ የሚከፈተውን ፊት ብቻ ይዛችሁ ትመጣላችሁ።

ያንን ልጅ ስልኩን ቦርሳው ውስጥ አስከትቼ መስታወት ፊት አቆምኩት። ቀኝ እጅ ጉንጭ ላይ፣ ግራ እጅ ጃብ፣ ሌላ ምንም የለም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ «ኮች፣ ቀኙን መቼ ነው?» አለኝ። እጁ አገጩ ድረስ ወርዷል።