መልቲፓዝ ሥራው ከኬብሉ ይጀምራል

የሰርቨር ክፍል ጫጫታ ስልክ አያነጋግርም። እኔ ግን ብዙውን የመልቲፓዝ ሥራ የሠራሁት በስልክ ነው። ወጣቱ ባልደረባዬ ከመደርደሪያው ጀርባ ጎንበስ ብሎ አንድ ጆሮውን በጣቱ ይደፍናል፣ እኔ ከቢሮዬ ሆኜ ትዕዛዙን ፊደል በፊደል አነብለታለሁ። «መልቲፓዝ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ ኤል፣ ኤል። ሁለቱም ትንንሹ ኤል።» እዚህም ትዕዛዞቹን የማስቀምጣቸው እንደዚያው በጆሮ እንደሚሰሙ ነው።

ለጀማሪዎች በአጭሩ ልበል። ትልልቅ ሰርቨሮች ዋናውን መረጃ የሚያኖሩት በገዛ ሆዳቸው ባለ ዲስክ ሳይሆን በሌላ መደርደሪያ ባለ ስቶሬጅ ላይ ነው፤ በመካከል የፋይበር ቻናል ኬብልና ስዊች አለ። አንዱ ኬብል ወይም አንዱ ስዊች ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ሁሉም ነገር ጥንድ ይሆናል፦ በሰርቨሩ ላይ ሁለት ፖርት፣ በመካከል ሁለት ስዊች፣ በስቶሬጁ ላይ ዲስኮቹን የሚመራ ሁለት ኮንትሮለር። እያንዳንዱ የሰርቨር ፖርት በየራሱ ስዊች በኩል ሁለቱንም ኮንትሮለሮች ስለሚያይ አንዱ ዲስክ በአራት መንገድ ይመጣል። ሊኑክስ ግን አራት ዲስክ መጣልኝ ብሎ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ፣ ኤስዲዲ፣ ኤስዲኢ እያለ ይመዘግባቸዋል። አንድ እንግዳ በአራት በር ሲገባ አይቶ ለአራት ሰው ምሳ እንደሚያዝ ዘበኛ ነው። መልቲፓዝ የሚባለው ሶፍትዌር ሥራው የእንግዳውን መታወቂያ ማየት ነው። እያንዳንዱ ዲስክ ደብሊው ደብሊው አይዲ የሚባል ረጅም መለያ አለው፤ መለያቸው አንድ የሆኑትን አንድ ላይ አስሮ አንድ ስም ይሰጣቸዋል።

ሶፍትዌሩን መጫን አምስት ደቂቃም አይፈጅ። ስለዚህ ከእሱ አልጀምርም።

ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቆየን፣ የአንዱን ስዊች ሶፍትዌር ለማደስ ቅዳሜ ማታ ገባን። ስዊቹ ሁለት ነው፣ መልቲፓዙ አራት መንገድ ያሳያል፤ አንዱ ስዊች ቢጠፋ ሁለት መንገድ ይቀራል ብዬ ፈቃዱ ላይ ፈረምኩ። ስዊቹ ሲጠፋ አራቱም መንገዶች አብረውት ጠፉ። ዳታቤዙ ቀጥ አለ። ከመደርደሪያው ጀርባ በእጅ ባትሪ ስናይ የሰርቨሩ ሁለቱም ኬብሎች የተሰኩት አንድ ስዊች ላይ ነው። ኬብሉን የዘረጋው ሰው ለሁለተኛው ስዊች የሚሆን የፋይበር ሞጁል ስላላገኘ «ለጊዜው» ብሎ እዚያው ሰክቶታል። ሁለት የሰርቨር ፖርት በሁለት ኮንትሮለር ሲባዛ ያው አራት ነው! ትክክለኛው አዘረጋግም አራት ይላል፣ የተበላሸውም አራት ይላል፤ እኛ ደግሞ የምናየው ቁጥሩን ብቻ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ኬብሉን ከሰርቨሩ ጫፍ እስከ ስዊቹ ጫፍ በእጃችሁ ተከተሉ። ክፍሉ ሩቅ ከሆነ ሌላ ምስክር አለ። በሲስ፣ ክላስ፣ ኤፍሲ ሆስት ማውጫ ሥር እያንዳንዱ የፋይበር ፖርት የራሱ አቃፊ አለው፤ በውስጡ ፋብሪክ ኔም የሚባል ፋይል ታገኛላችሁ። በካት አንብቡት። ሁለቱ ስዊቾች ተለያይተው የቆሙ ከሆነ የሁለቱ ፖርቶች ቁጥር መለያየት አለበት፤ አንድ ዓይነት ቁጥር ካያችሁ ሁለቱም አንድ መረብ ላይ ተንጠልጥለዋል ማለት ነው። ያን ማታ ይህችን ፋይል አንድ ሰው ከፍቶ ቢሆን ኖሮ ቅዳሜዬን ቤቴ አሳልፍ ነበር። እዚያው አቃፊ ውስጥ ፖርት ስቴት ኦንላይን ማለት አለበት። ፖርት ኔም የሚለው ቁጥር ደግሞ ስዊቹን ለሚያዘው ባለሙያ ለዞኒንግ፣ ማለትም ስዊቹ ላይ ማን ከማን ጋር ይገናኝ ብሎ ለመከፋፈል፣ የምትልኩት ነው፤ ለእያንዳንዱ የሰርቨር ፖርት የራሱ ዞን ይሠራለት፣ ሁለት ሰርቨር በአንድ ዞን አይታጎር።

ስቶሬጁ ዲስኩን ሲለቅላችሁ ኤስጂ ስሪ ዩቲልስ ከሚባለው ጥቅል ጋር የሚመጣውን ሪስካን ስካዚ ባስ አስኪዱ፣ ከዚያ ኤልኤስ ብሎክ በሉ። መጠናቸው አንድ የሆነ አራት ዲስክ ካልታየ ወደ ፊት አትሂዱ።

አሁን ሶፍትዌሩ። በሬድ ሃትና በኦራክል ሊኑክስ ጥቅሉ ዲቫይስ ማፐር መልቲፓዝ ይባላል፣ በኡቡንቱና በዴቢያን መልቲፓዝ ቱልስ። በሬድ ሃት በኩል ኤምፓዝኮንፍ የሚለውን ትዕዛዝ ኢነብል ከሚለው አማራጭ ጋር ስታስኪዱት በኢቲሲ ሥር መልቲፓዝ ነጥብ ኮንፍ የሚባል ፋይል ይፈጥራል። መልቲፓዝዲ የተባለውን አገልግሎት በሲስተም ሲቲኤል አስነሱ፤ ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥርም እንዲነሣ አድርጉ።

ፋይሉን ስትከፍቱ ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን 200 መስመር አትለጥፉበት። ፕሮግራሙ የብዙዎቹን ታዋቂ ስቶሬጆች ጠባይ ከውስጡ ያውቃል፤ ምን እንደሚያውቅ መልቲፓዝዲ ሾው ኮንፊግ ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከዚያ የሚበልጥ ምክር የሚሰጥ የስቶሬጁ አምራች መመሪያ ብቻ ነው፣ እሱም ለያዛችሁት የሊኑክስ እትም የተጻፈው። እኔ በእጄ የምነካው ሦስት ነገር ነው። ፋይንድ መልቲፓዝስ ዬስ ሲባል በአንድ መንገድ ብቻ የሚታየው የሰርቨሩ የውስጥ ዲስክ ይተዋል። ሁለተኛው ስም ነው። ዩዘር ፍሬንድሊ ኔምስ ኤምፓዝኤ፣ ኤምፓዝቢ እያለ ይሰይማል፤ ለአንድ ሰርቨር ይበቃል፣ ሁለት ሰርቨር አንድ ዲስክ ሲጋሩ ግን አንዱ ኤምፓዝቢ ያለውን ሌላው ኤምፓዝሲ ሊለው ይችላል። ስለዚህ መልቲፓዝስ በሚለው ክፍል ሥር መለያ ቁጥሩን ጽፌ በአሊያስ የራሴን ስም እሰጠዋለሁ፤ በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ አንድ ዓይነት።

ሦስተኛው ኖ ፓዝ ሪትራይ ነው፤ መንገድ ሁሉ ሲጠፋ ምን ይደረግ የሚለው። ያን ማታ ኪው ተብሎ ነበር፦ መንገድ እስኪመለስ ድረስ ያለ ገደብ ጠብቅ። ዳታቤዙ በግድ በሚገድለው ትዕዛዝ፣ ኪል ሰረዝ 9 ቢባል አይሞት፣ ሰርቨሩ ዝጋ ቢባል አይዘጋ። ደንግጠን የኃይል ቁልፉን ተጫንን። ብንታገሥ ስዊቹ ሲመለስ ወረፋው ራሱ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጉዳቱን ያመጣው ቁልፉ እንጂ ኪው አይደለም። አሁን ለብቻው ለሚቆም ሰርቨር 12 እጽፋለሁ፤ 12 ጊዜ ፈትሸህ ተው ማለት ነው። የመንገዶቹ ፍተሻ በየ5 ሰከንዱ ከሆነ ወደ 60 ሰከንድ ይጠብቅና ስሕተት ይመልሳል። ብዙ ሰርቨሮች አንድ ዳታቤዝ በጋራ በሚያስኬዱበት እንደ ኦራክል ራክ ባለ ክላስተር ውስጥ ግን ከዚያም አሳንሳለሁ፤ ተተኪ ባለበት ቦታ አልሞት አልድን ያለ ሰርቨር ከሞተው ይከፋል።

ፋይሉን ስታስቀምጡ መልቲፓዝዲ ሪኮንፊገር በሉ፣ ከዚያ ያቺን መልቲፓዝ ሰረዝ ኤል ኤል። አሉአ በሚባለው፣ አንዱን ኮንትሮለር ከሌላው በሚያስቀድመው ሥርዓት የሚሠራ ስቶሬጅ ከሆነ መንገዶቹ በሁለት ቡድን ይታያሉ፤ የዲስኩ ባለቤት በሆነው ኮንትሮለር በኩል ያሉት ብዙውን ጊዜ ፕራዮ (የቅድሚያ ደረጃ) 50፣ በሌላው በኩል ያሉት ፕራዮ 10። እያንዳንዱ መስመር አክቲቭ ሬዲ ራኒንግ ማለት አለበት። ፌይልድ ፎልቲ ያለው ሞቷል። አራቱም በአንድ ቡድን ታጭቀው ካያችሁ ስቶሬጁ ላይ ሰርቨሩ በተሳሳተ ዓይነት ተመዝግቦ እንደሆነ አስፈትሹ።

ከዚህ በኋላ ዲስኩን በዴቭ ማፐር ሥር ባለው ስሙ ብቻ ጥሩት። ፋይል ሲስተም በኤስዲሲ ላይ የሠራ ሰው አይቻለሁ፤ አራት መንገድ ዘርግቶ በአንዱ መሄድ። ዲስኮችን የሚያቀናብረውን ኤልቪኤም የምትጠቀሙና እትማችሁ ዲስኮቹን በማጣሪያ የሚለይ ከሆነ በማጣሪያው ላይ ማፐሩንና የውስጡን ዲስክ ፍቀዱ፣ ሌላውን ከልክሉ። የውስጡን ዲስክ ረስታችሁ ከከለከላችሁ ሰርቨሩ በሚቀጥለው ጊዜ ላይነሣ ይችላል። ማጣሪያውን ስትቀይሩ በሬድ ሃት በኩል ድራከት ሰረዝ ኤፍ ብላችሁ ሰርቨሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጭነውን የመነሻ ምስል አድሱ።

አሁን ኬብል ንቀሉ። አዎ፣ በእጅ፤ ሰርቨሩ ለተጠቃሚ ከመሰጠቱ በፊት። በአዲሱ ዲስክ ላይ በየሰከንዱ ዴት የሚለውን ውጤት ፋይል ላይ የሚጽፍና ሲንክ የሚያደርግ፣ ማለትም ወዲያው ወደ ዲስኩ የሚያወርድ፣ ትንሽ ዑደት አስኪዱ፣ ባልደረባችሁ አንዱን ኬብል ይንቀል። ባለፈው የሠራሁት ሰርቨር ላይ ከማታው 3 ሰዓት ከ14 አካባቢ ፋይሉ 21:14:07 ብሎ ቀጥሎ 21:14:13 አለ። የ6 ሰከንድ ክፍተት፣ ከዚያ እንደገና በየሰከንዱ። ፋስት አይኦ ፌይል የሚባለው፣ በተቋረጠ መንገድ ላይ ስንት ሰከንድ ይጠበቅ የሚለው የጊዜ ገደብ 5 ስለነበር የጠበቅኩት ነው። ክፍተቱ ደቂቃ ከሞላ ያን ገደብና የፋይበር ካርዱን ቅንብር እዩ። ኬብሉ ሲመለስ አራቱም መንገዶች እስኪነቁ ጠብቁ፤ ሳይነቁ ሁለተኛውን የነቀለ ሰው የእኔን ቅዳሜ ማታ በገዛ እጁ ይደግመዋል። ከዚያ ሁለተኛውን ኬብል፣ ከዚያ የጥገና ሰዓት ከተፈቀደላችሁ አንዱን ስዊች በሙሉ።

ሲያበቃ ከመርካቶ የገዛሁትን የኤሌክትሪክ ቴፕ አወጣለሁ። ቀይ ለአንደኛው ስዊች፣ ሰማያዊ ለሁለተኛው፤ በኬብሉ ሁለት ጫፍም በስዊቹ ግንባርም ላይ። «ቀይ ቴፕ ያለው ኬብል ሰማያዊው ስዊች ላይ ተሰክቷል» የሚል ስልክ ከደረሰኝ ትዕዛዝ አላነብም፤ ተነሥቼ ራሴ እሄዳለሁ።