ዘና ብሎ መሳል እምቢ ሲል፦ የውሃ ቀለም ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በውሃ ቀለም እየተጫወተ፣ ዘና ብሎ መሳል ለሚፈልግ ሰው ሁሉም የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ "አትፍራ፣ ልቀቀው!" ምክሩ ክፋት የለበትም። ግን ብሩሹን የቱ ጋ ልያዝ፣ ውሃውን ምን ያህል ላድርግ ለሚል ሰው ጠብ የሚል ነገር የለውም። እጅ የሚተሳሰረው ባብዛኛው በዕቃና በውሃ ችግር ነው። እነሱ ሲስተካከሉ ድፍረቱ ራሱ ይመጣል።

"ባዶ ወረቀት ፊት ብሩሹን ማንሳት ያቅተኛል"

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ነው። ትልቅ፣ ነጭና ውድ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ጭረት ፈተና ይሆናል። መፍትሄው ወደ ስስ ርካሽ ወረቀት መሸሽ አይደለም፤ እሱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ጥሩውን ወረቀት አራት ወይም ስምንት ቦታ ቁረጡት። ቁርጥራጮቹን ደርድራችሁ ሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ ጀምሩ። አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ አሉ። የተበላሸውም ጀርባ አለው።

ምን እንደምትስሉ ካላወቃችሁ ደግሞ በነጠብጣብ ጀምሩ። እንግሊዛዊው ሠዓሊ አሌክሳንደር ኮዘንስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተማሪዎቹን እንዲህ ያስተምር ነበር፦ በጥቁር ቀለም ፈጠን ብሎ ወረቀቱ ላይ ጥላሸት የመሰለ ነገር ማሳረፍ፣ ከዚያ እዚያ ውስጥ ተራራና ዛፍ መፈለግ። በቀለምም ያው ነው። መጀመሪያ ይፍሰስ፤ ምን እንደሆነ በኋላ ይታያል።

"ሥዕሌ ቀለም የተቀባ የእርሳስ ንድፍ ይመስላል"

እዚህ ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ፦ ትንሽ ብሩሽ፣ እንደ እስክሪብቶ መጨበጥና የበዛ እርሳስ። ቀጭን ብሩሽ ትንሽ ውሃ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ሳትፈልጉ በመስመር ውስጥ እየሞላችሁ ትሄዳላችሁ። ጫፉ የሾለ ቁጥር 10 ወይም 12 ክብ ብሩሽ ያዙ። እጀታውን ጫፉ ላይ ያዙት፤ ቆማችሁ ሳሉ። እንቅስቃሴው ከጣት ወደ ትከሻ ሲዞር መስመሩ ራሱ ይለወጣል። እርሳሱን ለዋና ዋና ቅርጾች ብቻ ተጠቀሙበት፤ ከዚያም ቀለሙ መስመሩን አልፎ ቢሄድ ተዉት። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት እርጥብ ቅርጾች ቢነካኩም አትደንግጡ፣ እንዲያውም አነካኳቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዘና ያለ ሥዕል ማለት የተጣደፈ ሥዕል አይደለም። እጅ ቀስ ቢል ችግር የለውም። የሚቀነሰው የጭረቱ ብዛት ነው።

"ቀለሜ ጭቃ ይሆንብኛል"

ይህ የሁሉም ሰው ለቅሶ ነው። ምክንያቱ ግን ሁለት ነው፣ መፍትሄውም ይለያያል። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ እንለይ። ያንኑ ድብልቅ ውሰዱና ቁራጭ ወረቀት ላይ አንዴ ብቻ ቀቡት፤ ሳትነኩት ይድረቅ። እዚያም ጭቃ ከሆነ ችግሩ ድብልቁ ነው። እዚያ ጥርት ብሎ ከደረቀ ግን ጥፋቱ የእጅ ነው።

ድብልቁ ከሆነ፣ ቀለም በዝቷል። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ በአንድ ላይ ሲገቡ፣ ወይም ቀይና አረንጓዴን የመሳሰሉ ተቃራኒዎች ሲገናኙ፣ ቀለሙ ወደ ግራጫና ቡናማ ይሄዳል። የቀለም ቱቦውንም አንብቡ። ብዙ አምራቾች የቀለሙን ኮድ ይጽፉበታል፤ ለምሳሌ ፒቢ 29 (PB29) አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ ነው። አንድ ቱቦ ላይ ሦስት ኮድ ካያችሁ፣ ገና ሳትጀምሩ ሦስት ቀለም ደባልቃችኋል ማለት ነው። ለጨዋታ አልትራማሪን፣ በርንት ሲየና (ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ) እና አንድ ቢጫ ይበቃሉ። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ብቻቸውን ከሞቃት ቡናማ እስከ ቀዝቃዛ ግራጫ ድረስ ይሰጣሉ። ውሃ በሁለት ዕቃ አቅርቡ፤ አንዱ ብሩሽ ለማጠብ፣ ሌላው ንጹሕ ሆኖ የሚቆይ።

የእጅ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ገና ሳይደርቅ ደጋግማችሁ እየነካካችሁት ነው። በየንክኪው የታችኛው ቀለም ይነሳና ከላይኛው ጋር ይታሻል። አንዴ አሳርፉና እጃችሁን አንሱ። ማስተካከል የግድ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።

"አበባ ጎመን የመሰለ ነገር ወጣብኝ"

ወረቀቱ ከፊል ደርቆ ሳለ ብሩሻችሁ ከሱ ይበልጥ ርሶ ነበር። አዲሱ ውሃ ቀለሙን እየገፋ ይወስደውና ጠርዝ ላይ ይከምረዋል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ብሩሹ ከወረቀቱ የደረቀ ይሁን። ይህን ለማወቅ ወረቀቱን ከጎን ዝቅ ብላችሁ እዩት። ገና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ቀለም ጨምሩ። ማብረቅረቁ ከጠፋና እርጥበቱ ካለ እጅ ሰብስቡ።

ግን አበባ ጎመኑን ለምን ታጠፉታላችሁ? የውሃ ቀለም ደስታ እዚህ ነው ያለው ብል አላጋነንኩም። ሆን ብላችሁ ከፊል የደረቀ ቀለም ላይ ንጹሕ ውሃ ጠብ አድርጉ። ማብረቅረቁ ሊጠፋ ሲል ጨው በትኑበት፤ እያንዳንዱ ፍሬ ዙሪያውን ያለውን እርጥበት ስለሚስብ ኮከብ የመሰለ ምልክት ይተዋል። ሲደርቅ ጨውን አራግፉት።

"ሲደርቅ ይደበዝዛል"

ሁሉም ሰው ላይ ይደበዝዛል። እርጥብ ሳለ ትንሽ የበዛ እስኪመስላችሁ ድረስ አጥቁሩት። የደረቀ የቀለም ቁራጭ የምትጠቀሙ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት።

"ወረቀቱ ይሸበሸባል"

ስስ ነው። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሆነ ወረቀት ተጠቀሙ፤ ዙሪያውን ሰሌዳ ላይ በወረቀት ፕላስተር ለጥፉት።

"ሥዕሉ ደህና ነው፤ እኔ ግን አልተደሰትኩም"

ብዙ ጊዜ ከፎቶ እየገለበጣችሁ ነው። ፎቶ ላይ ሁሉም ዝርዝር እኩል ይጮኻል፤ ሁሉንም ልታስደስቱ ስትሉ ጨዋታው ሥራ ይሆናል። ፎቶውን አንድ ደቂቃ እዩትና ስልኩን ገልብጡት፤ ከዚያ በትዝታ ሳሉ። ወይም በአንድ ቀለም ብቻ ሳሉ። በማትጽፉበት እጅ መሳልም ያስቃል፣ ይሠራልም።

"መቼ ማቆም እንዳለብኝ አላውቅም"

ሥዕሉ እርጥብ ሳለ አይፈረድበትም። ለዚህ ነው ሁለት ሦስት ቁርጥራጭ ጎን ለጎን የሚያስፈልጋችሁ፤ አንዱ ሲደርቅ እጃችሁ ሌላው ላይ ይጠመዳል። አልፋችሁት ነጩ ቦታ ከጠፋባችሁም አላለቀም። በደንብ ይድረቅና በሹል ምላጭ ጫፍ ብርሃን የፈለጋችሁበትን ቦታ ብቻ ፋቁት። ታዋቂው እንግሊዛዊ ሠዓሊ ተርነርም ቀለም እየፋቀ ብርሃን ያወጣ ነበር። ወፍራም ወረቀት ይህን ይችላል፤ ስሱ ግን ይቀደዳል።