60ው ቀን በማን እጅ ነው? ደሴ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ላለባችሁ

ጅዳ ያለን የወሎ ልጆች ስንገናኝ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ቤትና ቦታ ላይ ያርፋል። «ወረዳ ፍርድ ቤት ተፈርዶብኛል፣ ደሴ ይግባኝ ልል ነው፣ ከየት ልጀምር?» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ስለበዛ አንድ ጊዜ ጽፌ ልጨርሰው። ጠበቃ አይደለሁም። የይግባኝ ጊዜ አልፎብኝ ኮምቦልቻ ያለውን የአባቴን ቤት ግማሽ ያጣሁ ሴት ነኝ።

ደቡብ ወሎ ባለ የወረዳ ፍርድ ቤት ፍርድ ላይ ይግባኝ የሚባለው ለደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ደሴ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 323 የሰጠው ጊዜ ፍርዱ ከተነገረበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። ግልባጩ እስኪደርሰኝ ብላችሁ አትጠብቁ። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ጳጉሜም ትቆጠራለች።

የአጎቴ ልጆች ቤቱ የአባታቸውም ነው ብለው ሲከሱን ውክልናውን ለታላቅ ወንድሜ ላክሁ። በወር በወር ብር የሚቀበልልኝ፣ እናቴን የሚያስታምም እሱ ስለሆነ ሌላ ሰው አላሰብሁም። ፍርዱ የተነገረ ሰሞን በኢሞ ድምፅ ላከልኝ፦ «ትንሽ ወደነሱ አዘንብሏል። አብሽሪ እህቴ፣ ሽማግሌ ይዘነዋል።»

ሽማግሌዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ የምናከብራቸው ናቸው። አንደኛው የወንድሜ አማት ናቸው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይቀመጣሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ለመጪው ዓርብ ይቀጠራል። ሁለቱ ዓርብ ለቅሶ ስለነበር ሳይቀመጡ ቀሩ። ፍርዱን ላክልኝ ስለው የአንድ ገጽ ፎቶ ላከልኝ፤ ክብ ማኅተምና የዳኛ ፊርማ ያለበት የመጨረሻው ገጽ። ማኅተሙን ሳይ ሙሉ ነገር የያዝሁ መሰለኝ። ፍርዱ የተሰጠበት ቀን የተጻፈው ግን መጀመሪያው ገጽ ላይ ነበር።

ሽምግልናው ፈርሶ ደሴ ጠበቃ ስናማክር 73ኛው ቀን ነበር። ጠበቃው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሽምግልናው በፍርድ ቤት መዝገብ ገብቷል ወይ?» ብሎ ነው። አልገባም። ሽማግሌ መቀመጡ ብቻውን ቀኑን አያቆመውም። ቀጥሎ አንቀጽ 326ን በስልክ አነበበልኝ፦ ይግባኙ በጊዜው ያልቀረበው በወኪል ወይም በጠበቃ ጥፋት ከሆነ እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም። ጊዜው ያለፈበት ይግባኝ እንዲፈቀድልን የማስፈቀጃ ማመልከቻ ግን አስገባን። ውድቅ ሆነ።

ይህን አንቀጽ ደጋግማችሁ አንብቡት። የወኪላችሁ ዝምታ በሕግ ፊት የናንተ ዝምታ ነው።

ወንድሜ አንዲት ሳንቲም አልወሰደብኝም። ብዙዎቻችን «ዘመድ ይበላኛል ወይስ አይበላኝም?» ብቻ ነው የምንጠይቀው። ወንድሜ ታማኝ ነው። ነገር ግን ከተከራከርናቸው ሰዎች ጋር በአንድ እድር ነው፣ ልጆቹ ከልጆቻቸው ጋር ይማራሉ። ይግባኝ ቢጠይቅ «ሽማግሌ ረገጠ» ይባላል፤ ያ ስም በኛ ሰፈር ምን ያህል እንደሚከብድ ለናንተ አልነግራችሁም። እኔ ከጅዳ ሆኜ በውክልና ወረቀት ከአማቱና ከእህቱ አንዱን ምረጥ አልሁት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው፦ ከባላጋራችሁ ጋር የሚኖር ዘመድ ላይ ክርክር አትጫኑ። እናት ማስታመሙን፣ ቤት ማየቱን ለሱ ተዉለት፤ መዝገቡን ፈቃድ ያለው ጠበቃ ይያዝ፣ ውሉም በጽሑፍ ይሁን። ግልባጭ ወስዶ የሚያስቀምጥና ቀጠሮ የሚነግራችሁ ሦስተኛ ሰው ደግሞ ፈልጉ፤ እኔ አብራኝ የተማረች፣ ከነገሩ የሌለችበት፣ ደሴ የምትሠራ ልጅ አለችኝ። ከጠበቃው የሰማሁትንና ከሷ የሰማሁትን አስተያያለሁ።

ስለ ውክልናው ራሱ። ፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2205 እንደሚለው ክስ ማቅረብና መከራከር ልዩ ሥልጣን ይፈልጋል፤ «በማናቸውም ጉዳይ» የሚል ጠቅላላ ቃል አይበቃም። መታረቅም እንዲሁ ልዩ ሥልጣን ነው። ቆንስላ ስትሄዱ የተዘጋጀው ቅጽ ላይ መሸጥ፣ መለወጥ፣ መታረቅ ተደርድረው ታገኙ ይሆናል። ለይግባኝ የምትፈልጉት መከራከር፣ ይግባኝ መጠየቅ፣ እግድ ማመልከት፣ ጠበቃ ማቆም ነው። የቀረውን አሰርዙ። ወኪል ስትሽሩ ደግሞ መሻሪያውን መዝገቡ ውስጥ አስገቡ፤ ፍርድ ቤቱ ካላወቀ የድሮው ወኪል ቆሞ መከራከሩን ይቀጥላል።

ወደ ማመልከቻው ልምጣ። አንዲት የደሴ ልጅ፣ እዚህ ቤት ሠራተኛ የሆነች፣ አቤቱታ ጸሐፊ ያዘጋጀላትን አሳየችኝ። አራት ገጽ ነው፤ ሦስቱ «በሰው አገር ስንከራተት ባፈራሁት ጥሪት» እያለ ይሄዳል። እውነት ነው፣ አንብቤ አልቅሻለሁ። ይግባኝ ሰሚው ዳኛ የሚፈልገው ግን የሥር ፍርድ ቤት፣ ማለትም መጀመሪያ የፈረደው፣ የቱ ላይ እንደተሳሳተ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉም ቅሬታው ባጭሩ፣ ተራ ቁጥር እየተሰጠው፣ ያለ ሐተታ ይቅረብ ይላል። የሷ ጠበቃ ሦስት ነጥብ አደረገው። «ፍርዱ ኢፍትሐዊ ነው» የሚለው ወጥቶ እንዲህ ገባ፦ «የሥር ፍርድ ቤት የከሳሽ 2ኛ ምስክር ቤቱ መቼ እንደተሠራ አላውቅም ሲሉ የሰጡትን ቃል ሳይመዝን ማለፉ።» አንድ ነጥብ፣ አንድ ስህተት፣ ማስረጃው መዝገቡ ውስጥ የት እንዳለ። መጨረሻ ላይ የምትጠይቁት ዳኝነት ይጻፍ፦ ፍርዱ ይሻር፣ ወይም ይሻሻል። ሥር ያላነሣችሁትን አዲስ ፍሬ ነገር ይግባኝ ላይ ማንሣት አይቻልም፤ የተረሳ ምስክር ትዝ ቢላችሁም ጊዜው አልፏል።

አያይዙ፦ የፍርዱ ግልባጭ፣ ውክልናው፣ የዳኝነት ክፍያ ደረሰኝ። ክፍያውን ከሌላ ገንዘብ ጋር ቀላቅላችሁ አትላኩ፤ ለብቻው ላኩና የደረሰኙን ፎቶ በዕለቱ ተቀበሉ።

ይግባኝ መጠየቅ ብቻውን አፈጻጸሙን አያግደውም። እግድ በማመልከቻ መጠየቅ አለበት፤ አለዚያ እናንተ ደሴ ስትከራከሩ ኮምቦልቻ ላይ ቤቱ ይረከባል። ፍርዱ በሌላችሁበት ከተሰጠ ደግሞ ይግባኝ ከማለታችሁ በፊት ጠበቃችሁን ስለ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78 ጠይቁት፤ በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱ እንዲነሣለት የሚያመለክትበት ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው እዚያው ለፈረደው ፍርድ ቤት ነው፣ ጊዜውም ፍርዱን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ብቻ ነው።

መዝገቡ ከተከፈተ በኋላ የሚጠበቀው ቃል «ያስቀርባል» ነው፤ ይግባኙ መልስ ሰጪውን አስጠርቶ ያከራክራል ማለት ነው። ካላስቀረበ መልስ ሰጪው ሳይጠራ እዚያው ይዘጋል።

ፍርድ በተነገረ ቀን ማታ የምትጠይቁት «እንዴት ሆነ?» ብቻ አይሁን። የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ ጠይቁ። የመዝገብ ቁጥሩና ቀኑ በግልጽ ካልተነበበ እንደገና አስነሡት። «አብሽሪ» ካሏችሁ በፍቅር ተቀበሉ፤ ፎቶው እስኪመጣ ግን ስልኩን አትዝጉ።