ወገቤን ለያዘኝ ስልኬ ምን አደረገልኝ

የራይድ ሹፌር ነኝ። ቪትዝ ውስጥ በቀን 11፣ 12 ሰዓት እቀመጣለሁ። አምና ከመኪና ወርጄ ቀጥ ብዬ መቆም እስኪያቅተኝ ድረስ ወገቤን ያዘኝ። ወጌሻ ጋ ሄጄ ታሸሁ። ሁለት ቀን ቀለል አለኝና ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ ሐኪም መረመረኝና "የሚያሰጋ ነገር የለም፤ አትተኛ፣ ተንቀሳቀስ" አለኝ። ለወገብ ሕመም እንቅስቃሴ የሚያሠራ የስልክ አፕ የጫንኩት ከዚያ በኋላ ነው።

እናንተም መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ። እግር እየዛለ ከሄደ፣ ብሽሽትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ አልታዘዝ ካለ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለም ችላ አትበሉ። ቲቢ አከርካሪንም ይይዛል።

አፕ ስትመርጡ "በ7 ቀን እናድናለን" የሚለውን እለፉት። ያለ ዳታ የሚሠራና ሕመሙን የምትመዘግቡበት ቦታ ያለው ይሁን። ካርድ ቁጥር ካልሰጣችሁኝ አልከፈትም የሚል ሞልቷል፤ ነፃ የሆነም አይጠፋም። አንዱማ ኮንታክቴን ልይ አለኝ። ለወገቤ የአማቴ ስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል? አጠፋሁት።

እኔን የጠቀመኝ መዝገቡ ነው። ማታ ማታ ሦስት ነገር እሞላለሁ፦ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው፣ ስንት ሰዓት ነዳሁ፣ ስንቴ ወረድኩ። ጥፋተኛው የቦሌ መንገደኞች ሻንጣ ነው ብዬ እምል ነበር። ሦስት ሳምንት መዝግቤ ሳየው ሻንጣ በጫንኩባቸው ቀናት ሕመሙ 3 እና 4 ነው። 7 የሞላሁት ከቃሊቲ መንገድ ተዘግቶ ሳልወርድ ሦስት ሰዓት የተቀመጥኩ ቀን ነው።

አፑ በየ45 ደቂቃው "ተነሳ" እያለ ይጮህ ነበር። መስቀል አደባባይ መሀል የት ልነሳ? ድምፁን ዘጋሁትና የራሴን ሕግ አወጣሁ፦ ተሳፋሪ ሲወርድ እኔም እወርዳለሁ። መኪናዋን አንዴ ዞሬ እገባለሁ።

እንቅስቃሴውን ጠዋት ምንጣፍ ላይ እሠራለሁ። 20 ደቂቃ ነበር፣ ወደ 10 ዝቅ አደረግኩት። 20 ስል እዘለዋለኋ። የምወደው አንዱን ነው፦ በእጅና በጉልበት ተደግፎ ቀኝ እጅን ወደ ፊት፣ ግራ እግርን ወደ ኋላ መዘርጋት፣ 8 ሰከንድ ያህል መቆየት፣ ከዚያ መቀያየር። ወገባችሁ ላይ ቡና የሞላ ሲኒ ያለ ይመስል ቀስ በሉ። (ልጄ ፈረስ የሆንኩ መስሎት ይወጣብኛል። ያ አፑ ላይ የለም።) ትንሽ ቢያምና በማግስቱ ቢተው ችግር የለውም። ሕመሙ ወደ እግር እየወረደ ከባሰ ግን አቁሙና ሐኪሙን ጠይቁ።

ተአምር አትጠብቁ። በ2021 ውጤቱ የወጣ፣ ዴንማርክና ኖርዌይ ውስጥ 461 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት አፕ ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲጨመር ልዩነት እንዳለው አሳይቷል፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው። የእኔም ቁጥር አሁን 2 እና 3 ላይ ነው እንጂ 0 አልገባም።

ባለፈው ለቀጠሮ ስሄድ ሐኪሙ "እንዴት ነህ?" አለኝ። ድሮ "ያው ነው" እል ነበር። አሁን ስልኩን ከፍቼ ሰጠሁት።