ስለ ሥራዋ ሳትጠይቁ ሕክምና አትጀምሩ

«እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ የመጣን ሰው ጀማሪ አማካሪዎች ቶሎ ወደ ልጅነቱ ይወስዱታል። እኔ የማስቀድመው ትናንትን ነው፤ ከአልጋው ከወረደበት ጀምሮ በየሰዓቱ። ምን ሠራህ? ማን አዘዘህ? ማን ሲገባ ድንግጥ አልህ? «ሥራ በዛብኝ» የሚል መልስ ብቻውን አይረባኝም።

አንዲት የባንክ ገንዘብ ከፋይ እናስብ፤ የብዙ ተመካሪዎች ድምር ናት። የጠዋቱ ሰልፍ አያስጨንቃትም። ጭንቀቷ የሚነሣው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ሒሳብ ሲዘጋ ነው። የጎደለ ብር ከደመወዟ ስለሚቆረጥ አንዱን የብር እስር ደጋግማ ትቆጥራለች፤ ማታም አልጋዋ ላይ ሆና መቁጠሯን አታቆምም።

አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንድ ወገን ከሥራው የሚመጣውን ጻፉ፤ ባልደረባዋ የወሊድ ፈቃድ ስለወጣች የሁለት መስኮት ሥራ ይዛለች። በሌላው ወገን እርሷ የምታደርገውን ጻፉ፤ ምሳ ትዘላለች፣ ለሁሉም «እሺ» ትላለች፣ ቆጠራ ትደጋግማለች። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

ለቆጠራው ትንሽ ሙከራ ይበቃል። ከመዝጋቷ በፊት «ዛሬ ብር የመጉደሉ ዕድል ከመቶ ስንት ነው?» የሚለውን ትመልስና ትጻፈው። ከዚያ ባንኩ ባዘዘው መጠን ብቻ ቆጥራ ትዝጋ፤ የሆነውንም ከግምቷ ጎን ታስፍር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱን ዓምዶች አብራችሁ አንብቡ።

የሥራ ጫና ተመራማሪው ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳየው ሰውን ክፉኛ የሚያደክመው የሥራ ብዛት ከመወሰን አቅም ማነስ ጋር ሲገጥም ነው። ስለዚህ ትንሽም ብትሆን እርሷ የምትወስናት ነገር ፈልጉ። ለምሳሌ የተከማቸውን ገንዘብ እኩለ ቀን ላይ ብታስረክብ የማታው ቆጠራ ይቀልላታል። ይህን ግን አለቃዋን መጠየቅ አለባት፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ ይይዛታል።

ስለዚህ ለልምምድ እኔ አለቃዋን ሆኜ እቀመጣለሁ። «ካልከበደዎት... ምናልባት...» ብላ ሳትጠይቅ ልትወጣ ትነሣለች። እንደገና እንሞክራለን፦ «ሁለት መስኮት ከያዝኩ ወዲህ ሒሳብ የምዘጋው መሽቶ ነው። የተከማቸውን ገንዘብ ቀን ላይ ላስረክብ?» እኔ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳልል «እናያለን» እላለሁ። ደጋግመን የምንለማመደው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው፦ «እሺ፤ መልሱን ለመስማት ሐሙስ ልምጣ?»

«በሥራ ዝያለሁ» የሚል ሁሉ ግን የሥራ ጉዳይ ብቻ ይዞ አይመጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ እንዲህ ያለው መዛል ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ ጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ ውጤታማነት መቀነስ። እሑድ እህቷ ቤት ቡና ስትጠጣም ምንም ደስ ካላላት ድባቴን መርምሩ። ስለ ሞት ካነሣች በግልጽ ጠይቋት፤ ራሷን የማጥፋት ሐሳብ ካለ በዚያው ቀን ከአእምሮ ሐኪም ጋር አገናኟት።

በትንፋሽ ልምምድ የማይድንም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ትርፍ ሰዓት አሠርቶ የማይከፍል ወይም እጁን የማይሰበስብ አለቃ ላለባት ሴት «አስተሳሰብሽን አስተካክይ» ማለት ነውር ነው። ይህ ለሠራተኛ ማኅበርና ለሕግ ባለሙያ የሚሄድ ጉዳይ ነው። እስከዚያው የሆነውን ቀንና ሰዓቱን ጠቅሳ በደብተር እንድትይዝ እነግራታለሁ፤ ደብተሩ ከቢሮ ውጭ ይቀመጥ።