ሞተር ዝቅ ስታስደርጉ መቆሚያውን አትርሱ፦ ደሴ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ቁመቴ አጭር ነው። ደሴ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነች። ተዳፋት ላይ ቆማችሁ እግራችሁ መሬት ካልደረሰ ሞተሩ ያጋድላል፤ አንዴ ካጋደለ ደግሞ በጉልበት አይመለስም። ስለዚህ የኋላ ሾኩን (ንዝረት የሚያበርደውን ክፍል) በአጭር አስቀየርኩ። እግሬ መሬት ነካ፣ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ሰኞ ገበያ አካባቢ በጎን መቆሚያው አቁሜው ዳቦ ልገዛ ገባሁ። ስወጣ በቀኝ ጎኑ ተጋድሟል። ቤንዚኑ ይንጠባጠባል፣ የፊት ፍሬኑ እጀታ ተሰብሯል። አጠገቡ የነበረ ሊስትሮ "ማንም አልነካውም ጋሼ፣ ንፋስ ነው የጣለው" አለኝ። እውነቱን ነበር። መቆሚያውን ሳላይ ሞተሩን ያስወረድኩት እኔ ነኝ።

ሞተሩን አውርዶ መቆሚያውን እንደነበረ መተው

ሞተሩ ሲወርድ መቆሚያው አብሮ አያጥርም። ስለዚህ ሞተሩ ወደ ግራ ደገፍ ማለቱን ትቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ትንሽ ንፋስ ወይም የሚያልፍ ሰው ክንድ ወደ ቀኝ ይጥለዋል። ተቃራኒውም አለ፦ ከፍ ያለ ጎማ ወይም ረጅም ሾክ ካስገባችሁ መቆሚያው ያጥርና ሞተሩ ከመጠን በላይ ያጋድላል።

በግምት መቁረጥ

በጣም የማዝንበት ስህተት ይሄ ነው። "ኋላውን 4 ሳንቲ ሜትር ስላወረድኩ መቆሚያውንም 4 ሳንቲ ሜትር ቁረጥልኝ" ይባላል። መቆሚያው ያለው ግን መሀል አካባቢ ነው። ኋላው ብቻ 4 ሲወርድ መሀሉ የሚወርደው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። 4 ከቆረጣችሁ ሞተሩ ሊተኛ ይደርሳል።

ኮምቦልቻ ያሉ አንድ አዛውንት በያጅ ግራይንደሩን ሳያነሱ "አብሽር ልጄ፣ መቁረጡ ይደርሳል። መጀመሪያ ጣውላ አምጣ" አሉኝ። ሁለቱን ጎማዎች እኩል ውፍረት ባላቸው ጣውላዎች ላይ አወጣናቸው፤ መቆሚያው ግን መሬት ላይ እንዳለ ቀረ። ሞተሩ እንደ ድሮው እስኪያጋድል ድረስ ጣውላ ደረብን። ሲለካ የጣውላው ውፍረት 2 ሳንቲ ሜትር ሆነ። መቆሚያው ዘንበል ስለሚል የሚቆረጠው ከዚያ ጥቂት ይበልጣል። እሳቸው ግን መጀመሪያ 2 ብቻ ቆረጡ። በነጥብ ብየዳ ያዝ አደረጉት፣ አቆምነው፣ ዞር ዞር ብለን አየነው፣ ከዚያ ጥቂት ጨመሩ። የተቆረጠው ከመሀል ዘንጉ ነው፤ ከጫፍ ቢሆን ኖሮ መሬት የሚነካው ክፍል አቀማመጡ ይበላሽ ነበር።

ሲበየድ መቆሚያው ከሞተሩ ይፈታ። አንድ ብሎንና አንድ ስፕሪንግ ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ ላይ እንዳለ መበየድ ለኤሌክትሪኩ አደጋ ነው።

የተበላ ብሎን ላይ ርዝመት መፈለግ

ሞተሩ በጊዜ ብዛት ማጋደሉ ከጨመረ ርዝመት አትለኩ። መቆሚያውን ያዝ አድርጋችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅንቁት። ከተጫወተ የተበላው ብሎኑ ወይም ቀዳዳው ነው። ብሎን ቀይሩ፣ ግራሶ ቀቡት።

ስፕሪንጉንም በዚያው እዩት። የላላ ስፕሪንግ መቆሚያውን አያጥፈውም፣ ያንጠለጥለዋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ገደማ ነው የምትወርዱት። መሀል መንገድ ሐረጎ ላይ ወደ ግራ ስትታጠፉ የተንጠለጠለ መቆሚያ አስፋልት ቢነካ ሞተሩን አንስቶ ይጥለዋል። እባካችሁ ከመነሳታችሁ በፊት በእግራችሁ ንኩት።

ቀጭን እግር

በክረምት የደሴ ጭቃ፣ በፀሐይ ቀን ደግሞ የኮምቦልቻ የሞቀ አስፋልት የመቆሚያውን ጫፍ ይውጠዋል። የመዳፍ ያህል ላሜራ ከታች ማስበየድ በቂ ነው። የላሜራው ውፍረትም መቆሚያውን እንደሚያስረዝም አስቡ። ሲታጠፍ ካቴናውን እንዳይነካም እዩ።

የኋላውን ብቻ ማውረድ፣ ወይም ስፕሪንግ መቁረጥ

ኋላው ብቻ ሲወርድ የፊት መብራቱ ወደ ሰማይ ያያል፣ መሪውም ይከብዳል። የፊት ሾኩን ቱቦዎች ከሚይዛቸው ማሰሪያ ውስጥ 10 ወይም 15 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ማሳለፍ ያመጣጥነዋል። ሁለቱም እኩል ይሁኑ። ከዚያ ፊቱን በደንብ ተጫኑትና ጎማው ወይም ፓራፋንጎው ላይኛውን ክፍል አለመምታቱን አረጋግጡ። የካቴናውን ውጥረትም እንደገና ተመልከቱ፤ ከፍታ ሲለወጥ እሱም ይለወጣል።

ስፕሪንግ መቁረጥን ግን ተዉት። የተቆረጠ ስፕሪንግ ይጠነክራል፣ ሾኩ የሚጨመቅበት ርቀትም ያጥራል። ኮብልስቶን ላይ ወገባችሁ ይነግራችኋል።

እንዲያውም ከሁሉ በፊት መቀመጫውን ሞክሩ። ስፖንጁን 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ማስቀነስ ርካሽ ነው፣ መቆሚያውንም አይነካም። ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማም ይረዳል። እኔ ከዚህ ብጀምር ኖሮ ሾኩን ባልነካሁት።

ተዳፋት ላይ እንዳመጣ ማቆም

መቆሚያው የሚታጠፈው ወደ ኋላ ነው። አፍንጫው ቁልቁል የሆነ ሞተር በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) ከቆመ ትንሽ ወደፊት ሲንሸራተት መቆሚያው ራሱ ይታጠፋል። አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አዙሩ፣ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አጥፉት። ቀኝ ጎኑ ወደ ቁልቁለቱ እንዲያይ አታቁሙት። ያማሃ ኤጂ 100 በሁለቱም ጎን መቆሚያ ያለው ለዚህ ነው፤ ለእርሻ ቦታ የተሠራ ስለሆነ እንደ መሬቱ ይመረጣል። የብዙዎቻችን ሞተር ግን የግራው ብቻ ነው ያለው።

በመቆሚያው ላይ እንዳለ ጭነት አትጫኑበት። ክብደት ሲያርፍበት ሾኩ ይወርዳል፣ ሞተሩ ቀጥ ይላል፣ ያኔም መውደቂያው በቀኝ ነው። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከማሰራችሁ በፊት አንድ ሰው መሪውን ይያዝላችሁ።