ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በዝናብ መግቢያ ምሽት አምባዛ ማጥመድ

ዝናቡ ጠንክሮ ጎርፍ ሐይቁን መቀላቀል ሲጀምር አምባዛ እንቁላል ሊጥል ወደ ዳር ይጠጋል። ሲመሽ ደግሞ ፊላው ሥር ትልና ትንንሽ ዓሣ ያድናል። ብዙ ሰው መንጠቆውን ጉልበቱ እስከፈቀደ አርቆ ይወረውራል፤ ዓሣው ግን ያለው እግሩ ሥር ነው። ከፊላው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብሎ ከ1 እስከ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ይበቃል። ጎርፍ የሚገባበት ቦታ ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ፤ ድፍርሱና የጠራው ውሃ የሚገናኙበት ላይ ጣሉ።

ናይለኑ 0.50 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ የቀጠነው ዓሣው ፊላ ውስጥ ሲገባ ይበጠሳል። መሃሉ የተበሳ ከ30 እስከ 40 ግራም እርሳስ አሹልኩበት። ከመንጠቆው 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ትንሽዬ እርሳስ ቆንጥጣችሁ ማቆሚያ አድርጉለት (በፒንሳ እንጂ በጥርስ አይደለም፣ እርሳስ መርዝ ነው)። ትልቁ እርሳስ መሬት ላይ ተኝቶ ገመዱ በውስጡ ካልሮጠ፣ አምባዛው ክብደቱን አውቆ ይተፋዋል። እርሳሱን ገመዱ ላይ የቋጠረ ሁሉ የሚያማርረው «ነክቶ ሄደ» እያለ ነው።

መንጠቆው ላይ አራት አምስት የመሬት ትል አንድ ላይ ስኩ። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ዓሣ ሲበለት የሚጣለው የቆሮሶ (ቲላፒያ) አንጀት ሽታው ይበልጣል፤ ግን ልል ስለሆነ ሲወረወር ይወልቃል። በስፌት ክር አምስት ስድስት ዙር ጠምጥሙትና የመንጠቆው ጫፍ ግን ወጥቶ ይታይ።

ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ተቀመጡ። ባትሪ ውሃው ላይ አታብሩ። ቢልሃርዚያ ስላለ ያለ ቦቲ ውሃ ውስጥ አትግቡ። ፊላው መሃል ተረግጦ የተከፈተ ሰፊ መንገድ ካያችሁ የጉማሬ ነው፤ ማታ ማታ ለግጦሽ የሚወጣበት ስለሆነ እዚያ መቀመጥ ከዓሣ ይልቅ ነፍስን ማስያዝ ነው።

መጀመሪያ ገመዱ ቱክ ቱክ ይላል፤ አትንኩት። ሳያቋርጥ መሮጥ ሲጀምር ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡ። ወደ ፊላው እንዳይዞር ገመዱን አታላሉ፣ እጃችሁ ላይም አትጠምጥሙት፤ ሥጋ ይቆርጣል።

ከወጣ በኋላ ዋናው አደጋ ከጭንቅላቱ ኋላ ግራና ቀኝ ያሉት ክንፎቹ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው መጋዝ የመሰለ ጠንካራ እሾህ አላቸው። በጨርቅ፣ ከእሾሁ ጀርባ በኩል ጨብጡት። ሆዷ በእንቁላል የተነፋውን ብትለቁ ይሻላል። ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ መንጠቆው አጠገብ ያለውን ናይለን በጥፍር ዳስሱ፤ የአምባዛ ጥርስ እንደ ሞረድ ስለሆነ ሻክሮ ካገኛችሁት ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ።

የያዛችሁትን ሣር ላይ አትተዉት። ከአየርም ስለሚተነፍስ ዞር ስትሉ እየተሳበ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ጆንያ ውስጥ ከታችሁ አፉን እሰሩት።